ከደሴ ጋር እኩል ሰዓት የሚቆጥሩ ደሴቶች

መርከቧ ወደ ኤኬሮ ወደብ ስትቃረብ ስልኬን አየሁት። ከእጅ ሰዓቴ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። መጀመሪያ የተበላሸ መሰለኝ። ከዚያ ገባኝ። ስልኬ የፊንላንድን ኔትወርክ ይዟል። ፊንላንድ ከስዊድን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በፈረንጆች ሰመር ደግሞ የፊንላንድ ሰዓትና የኢትዮጵያ ሰዓት እኩል ናቸው።

ይህ ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። አባቴ የሚኖሩት ደሴ ነው። እኔ ስዊድን፣ ኡፕሳላ። ስደውልላቸው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» እነግራቸዋለሁ። «እሺ፣ አንቺ ጋ ገና ነው» ይላሉ። ዓመታት ሙሉ እንዲህ ነው የኖርነው። እዚያው መርከቧ ላይ ሆኜ ደወልኩ።

«አባባ፣ ዛሬ ሰዓታችን እኩል ነው።»

«የት ሄደሽ ነው?»

«ኦላንድ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። በስዊድንና በፊንላንድ መሃል።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባባ?» አልኩ።

«ጄኔቭ የፈረደላቸው?» አሉኝ።

አባቴ የታሪክ መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። እኔ እዚህ ድረስ የመጣሁት ለባሕሩና ለጸጥታው ነው። የምሠራው በአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ያ ዓመት ከብዶኝ ነበር። ስለ ኦላንድ የማውቀው የመርከቡ ትኬት ርካሽ መሆኑንና ቦታው ውብ መሆኑን ብቻ ነው። አባቴ ግን ደሴ ቁጭ ብለው እኔ በቅርብ ርቀት እየኖርኩ የማላውቀውን ያውቃሉ። «ደህና አድርገሽ እዪልኝ» አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ያየሁትን ያየሁት በዚያ ቃል ነው።

(ዓመቶቹንና ቀኖቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ከመርከቡ ላይ መጀመሪያ የሚታዩት ድንጋዮች ናቸው። ቀይ ናቸው። አንዳንዱ ደሴት ላይ ሦስት ጥድና አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት አለች። አንዳንዱ ባዶ አለት ነው፤ ጀርባውን ብቻ ከውሃ አውጥቶ የተኛ ጉማሬ ይመስላል። ከሩብ ሄክታር የሚበልጡት ብቻ ወደ 6,700 ይደርሳሉ። ሰው የሚኖርባቸው ግን ወደ 60 ቢሆኑ ነው። በበረዶ ዘመን ተጭኖ የነበረው መሬት ዛሬም ቀስ እያለ ከባሕሩ ይነሳል፤ በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ። አያቶች በጀልባ ያለፉበትን የልጅ ልጆች በእግር ይሻገሩታል።

ሕዝቡ 30,000 ገደማ ነው። አገራቸው ፊንላንድ ናት፣ ቋንቋቸው ግን ስዊድንኛ። የራሳቸው ባንዲራ፣ የራሳቸው ቴምብርና 30 መቀመጫ ያለው የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። የሌላቸው ወታደር ነው። በሰላም ጊዜ እዚያ ጦር ማስፈር፣ ምሽግ መሥራት በዓለም አቀፍ ውል ተከልክሏል። የአገሬው ተወላጆችም ለብሔራዊ ውትድርና አይጠሩም። ይህን ያነበብኩት መርከቧ ውስጥ ከነበረ አንድ በራሪ ወረቀት ላይ ነው። ሁለቴ አነበብኩት።

ኤኬሮ መንደር ናት። ትንሽ መንደር። መሃሏ ላይ ግን የቤተ መንግሥት ያህል የሚያክል ሕንፃ ተገትሯል። ፖስታ ቤትና ጉምሩክ ነበር። ስዊድን በ1809 ፊንላንድንና እነዚህን ደሴቶች ለሩሲያ ካስረከበች በኋላ ይህ ዳርቻ የሩሲያ ግዛት ምዕራባዊ በር ሆነ። ዛሩ ከስዊድን በኩል የሚመጣ ሰው ገና ከጀልባ ሲወርድ የማን አገር እንደገባ እንዲያውቅ ፈለገ። በ1828 የተጠናቀቀውን ሕንፃ የነደፈው ካርል ሉድቪግ ኤንግል ነው፤ የሄልሲንኪን መሃል ከተማ የነደፈው ሰው።

እኔን የያዘኝ ግን ፖስታው ራሱ ነው። ከ1638 ጀምሮ ደብዳቤውን ባሕር የሚያሻግሩት የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ። ግዴታቸው ነበር። ባሕሩ ሲከፈት ይቀዝፋሉ። ግማሹ በረዶ፣ ግማሹ ውሃ ሲሆን ጀልባዋን በበረዶው ላይ ይጎትታሉ፤ በረዶው ሲከዳቸው ዘለው ይገቡባታል። ብዙዎቹ አልተመለሱም። በምላሹ ከውትድርና ነፃ ይደረጉ ነበር። የንጉሡን ደብዳቤ ተሸክሞ ለመስጠም መፍቀድ፣ ልጅን ለጦር ላለመስጠት የሚከፈል ዋጋ ነበር ማለት ነው። እኔ በሁለት ሰዓት፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው ያንኑ ባሕር ያቋረጥኩት።

ከኤኬሮ ወደ ዋና ከተማዋ ማሪየሃምን በአውቶቡስ ሄድኩ። አስፋልቱ ቀይ ነው። የአካባቢውን ቀይ ድንጋይ ፈጭተው ስለሚቀላቅሉበት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ዝናብ ያረፈበት የአገራችን ኮረኮንች ይመስላል።

ማሪየሃምን ጸጥ ያለች፣ ሁለት ወደብ ያላት፣ መንገዶቿ ዳር ዛፍ የተደረደሩባት ከተማ ናት። በ1861 የተመሠረተችው በዛር አሌክሳንደር 2ኛ ነው፤ ስሟም ከእቴጌዋ ከማሪያ የመጣ ነው። በምዕራቡ ወደብ ፖመርን የምትባል ባለ አራት ምሰሶ የሸራ መርከብ ቆማለች። በ1903 ግላስጎ ውስጥ የተሠራች፣ ከአውስትራሊያ ወደ አውሮፓ ስንዴ ታመላልስ የነበረች ናት። አሁን ሙዚየም ሆናለች። ውስጧ ገብቼ ወጣሁ። መርከብ የሚወድ ሰው ግማሽ ቀን ሊያሳልፍባት ይችላል።

ያረፍኩበት የእንግዳ ቤት ባለቤት አሮጊት ናቸው። ማታ የአገሩን ፓንኬክ አቀረቡልኝ። ወፍራም ነው፣ ከገንፎ የሚሠራ፣ ከላዩ የደረቀ ፕሪም ማርማላታና ክሬም ያለበት። ገና ሳልቀምሰው ሽታው ቤቴን አስታወሰኝ። ሄል ነው። እናቴ በሕይወት ሳሉ ሻይ ውስጥ የሚጨምሩት ሄል።

በማግስቱ ወደ ካስተልሆልም ሄድኩ። ከማሪየሃምን ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሜዳና በባሕር ሰርጥ መካከል የቆመ የመካከለኛው ዘመን ግንብ ነው። ስሙ በጽሑፍ መጀመሪያ የሚገኘው በ1388 ነው። ከአጠገቡ የድሮ የገበሬ ቤቶች፣ የነፋስ ወፍጮዎችና አንድ በጣም ረጅም ያጌጠ ምሰሶ አለ። ለሰመር አጋማሽ በዓል የሚተከል ነው። በትንንሽ መርከቦችና በአበባ ጉንጉን ያስጌጡታል። ከሩቅ ሳየው ደመራ መሰለኝ። አይቃጠልም እንጂ፤ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ነው የሚከርመው።

ግንቡ ውስጥ በ1571 የስዊድን ንጉሥ የነበረው ኤሪክ 14ኛ ከሚስቱ ጋር ታስሮ ነበር። ያሰረው ወንድሙ ነው፤ ዙፋኑን የወሰደበት። እንዲህ ያለ ታሪክ ለእኛ አዲስ አይደለም። እግሬን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ከ1665 እስከ 1668 በዚህ ደሴት ሴቶች በጥንቆላ እየተከሰሱ ተሰቃይተዋል፣ ተገድለዋል። የመጀመሪያዋ ካሪን ፔርስዶተር የምትባል ሴት ነበረች። ከመገደሏ በፊት የሌሎችን ስም አስጠሯት። ከዚያ አንዷ ሌላዋን፣ ሌላዋ ሌላዋን።

አስጎብኚዋ ይህን ስትናገር አንድ አሜሪካዊ ጎብኚ «ለማመን ይከብዳል» አለ። እኔን አልከበደኝም። ልጅ ሳለሁ ከእኛ ሰፈር ዝቅ ብሎ ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ሕፃን ሲታመም ሰው ወደ እነሱ ቤት ያያል። «ቡዳ በላው» ይባላል። ጀበናቸውን ገዝተን ቡና እናፈላበታለን፣ ልጃቸው ከእኛ ጋር ሲጫወት ግን ትልልቆቹ ይጠሩናል። ያቺ ልጅ ስሟ ትዝ ይለኛል። እዚህ አልጽፈውም። ካስተልሆልም ግቢ ውስጥ ቆሜ ግን ስሟን በልቤ ጠራሁት።

ወደ ቦማርሱንድ ልምጣ። የዚህ ጽሑፍ ምክንያት እሱ ነው።

ከካስተልሆልም ትንሽ ወደ ምሥራቅ መንገዱ ጥድ ውስጥ ይገባና ድንገት የፈረሰ ምሽግ መሃል ያወጣችኋል። ቃል በቃል መሃሉ። መኪና መንገዱ ምሽጉን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ግራና ቀኝ የተጠረበ ቀይ ድንጋይ ወድቋል። ግድግዳው የንብ ቀፎ እንዲመስል ድንጋዮቹ ባለ ብዙ ማዕዘን ተደርገው ተጠርበዋል፤ አንዱ ከአንዱ ጋር ክፍተት ሳይኖረው ይገጥማል። ሩሲያ ግንባታውን የጀመረችው በ1832 ነው። 5,000 ወታደርና 500 መድፍ እንዲይዝ ነበር የታሰበው። ከየግዛቱ ወታደር፣ እስረኛና ነጋዴ መጣ። ከምሽጉ ውጪ ከተማ በቀለ። ግንባታው ግን አላለቀም።

በ1854 የክራይሚያ ጦርነት እዚህ ድረስ ደረሰ። ጦርነቱ በጥቁር ባሕር ብቻ የነበረ ይመስለኝ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ ግን ወደ ባልቲክም መርከብ ልከዋል። ወደ 10,000 የሚጠጋ ጦር ደሴቲቱ ላይ ወረደ። ውስጥ የነበሩት ተከላካዮች 2,000 ገደማ ናቸው። ነሐሴ 16 ቀን እጅ ሰጡ። ከዚያ አሸናፊዎቹ ምሽጉን በባሩድ አፈነዱት። ከተማዋን ደግሞ ሩሲያውያኑ ራሳቸው፣ ጠላት መከለያ እንዳያደርጋት ብለው ቀድመው አቃጥለዋታል። ሃያ ዓመት በላይ የተለፋበት ነገር በጥቂት ሳምንት ጠፋ።

እዚያ የተተከለ ሰሌዳ ላይ የእንግሊዙን መርከቦች አዛዥ ስም ሳነብ ቆምኩ። ናፒየር ይላል።

ናፒየር? የእኛ ናፒየር?

አይደለም። ይሄኛው አድሚራል ቻርልስ ናፒየር ነው። መቅደላ የመጣው ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ነው። ሰዎቹ ሁለት ናቸው። ግን የመቅደላ አምባ ልጅ ለሆነ ሰው፣ በፈረሰ ምሽግ ፍርስራሽ ውስጥ ያንን ስም ማንበብ ቀላል አይደለም። ቦማርሱንድ በ1854 ፈነዳ፤ መቅደላ በ1868 ተቃጠለ። መሃላቸው 14 ዓመት ነው።

ተቀመጥኩና አባቴ ጋ ደወልኩ። ናፒየርን ነገርኳቸው። አልሳቁም፣ አልተደነቁምም። «ሴባስቶፖልን ረሳሽው እንዴ?» አሉኝ።

እውነትም ረስቼዋለሁ። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው የመድፉ ምስል ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ እሳቸው ራሳቸው ከሕዝቡ ጋር መንገድ እየጠረጉ እስከ መቅደላ ያስጎተቱት መድፍ። ሴባስቶፖል ግን ክራይሚያ ውስጥ ያለ የወደብ ከተማ ስም ነው። ከተማው ተከቦ የተደበደበው እዚህ ቦማርሱንድን ባፈረሰው በዚያው ጦርነት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ የጫኑት በየካቲት 1855 ነው፤ ከበባው ገና ሳያበቃ። የዚያ ከተማ ስም ደርሷቸዋል። ትልቁን መድፋቸውን በስሙ ጠሩት።

አባቴ አንድ ጊዜ ተማሪዎቻቸውን ይዘው መቅደላ ወጥተዋል። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ ትንሽ ልጅ ነኝ። መንገዱ አድካሚ ነበር። ላይ ስንደርስ መድፉ ሜዳ ላይ ወድቆ አገኘነው። አባቴ ተማሪዎቹን አሰለፉና እያንዳንዳቸው እጃቸውን እንዲያሳርፉበት አደረጉ። ምንም አልተናገሩም። የእኔም ተራ ደረሰ። ብረቱ ፀሐይ መትቶት ይፋጃል።

«እዚያስ መድፍ አለ?» አሉኝ በስልክ።

አለ። ኖትቪክ የሚባለው ግንብ ጋ፣ ኮረብታው ላይ፣ አሮጌ የብረት መድፎች ወደ ባሕሩ ተደርድረዋል። ታች የሚታየው ውሃ፣ ደሴት፣ እንደገና ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ውብ ቦታ ላይ ሰው መድፍ ጠምዶ ለዓመታት ጠላት ሲጠብቅ መኖሩን ማሰብ ይከብዳል። «አለ» አልኳቸው። «ነኪው» አሉ።

ስለ ድንጋዩ አንድ ነገር ልጨምር። ሄልሲንኪ ውስጥ ኡስፔንስኪ የሚባል ትልቅ የኦርቶዶክስ ካቴድራል አለ። ለግንባታው 700,000 ጡብ የመጣው ከዚህ ከቦማርሱንድ ፍርስራሽ ነው። በጀልባ ጭነው ወሰዱት። ካቴድራሉ የተመረቀው በ1868 ነው። መቅደላ በተቃጠለበት ዓመት።

ከምሽጉ ማዶ ድልድይ ተሻግራችሁ ፕሬስቶ የምትባል ደሴት ትገባላችሁ። ጫካ ናት። ጫካው ውስጥ የጦር ሰፈሩ የመቃብር ቦታዎች አሉ። የኦርቶዶክስ፣ የሉተራን፣ የካቶሊክ፣ የአይሁድና የሙስሊም፤ እያንዳንዱ ለየብቻው። ዛሩ ከሰፊው ግዛቱ የሰበሰባቸው ወታደሮች ናቸው። ከእናታቸው ርቀው፣ ማንም ቋንቋቸውን በማያውቅበት ደሴት ላይ በበሽታም በጥይትም ሞቱ።

ብቻዬን ነበርኩ። እኔ ወሎዬ ነኝ። በእኛ ቤት አንዱ አጎቴ ሙስሊም ነው፣ ሌላው ቄስ። ለቅሶ ሲሆን ሁሉም ለሁሉም ይደርሳል። ስለዚህ ከመቃብር ወደ መቃብር ሄድኩ። የኦርቶዶክሱ ጋ አማተብኩ። የሙስሊሙ ጋ አጎቴ ሲያደርግ እንዳየሁት መዳፌን ዘርግቼ ቆምኩ። ስማቸውን የማላውቃቸውን ሰዎች ነፍስ ይማር አልኩ። ምን ልበል ሌላ?

አሁን ወደ ውሉ ልመለስ። በ1856 ጦርነቱ ሲያበቃ ፓሪስ ላይ ሰላም ሲፈረም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሩሲያ አንድ ውል አሰሩ። ኦላንድ ከእንግዲህ አይመሸግም። ለደሴቶቹ ሕዝብ አዝነው አልነበረም። ሩሲያ ወደ ስቶክሆልም የምትጠጋበትን ደረጃ ለማፍረስ ነበር። ግን ለሌላ ዓላማ የተፈረመው ወረቀት ለሕዝቡ ጋሻ ሆነለት።

ፊንላንድ በ1917 ከሩሲያ ስትላቀቅ የኦላንድ ሰዎች ወደ ስዊድን መመለስ ፈለጉ። ፊርማ አሰባሰቡ፤ ከአዋቂው አብዛኛው ፈረመ። ፊንላንድ አልለቅም አለች። ራስ ገዝ እናድርጋችሁ ብላ በ1920 ሕግ አወጣች። እነሱ ደግሞ አንፈልግም አሉ። መሪዎቻቸው ዩሊየስ ሱንድብሎምና ካርል ቢዮርክማን በአገር ክህደት ተጠርጥረው ታሰሩ። ነገሩ ወደ ጦርነት ሊያመራ ሲል አዲስ ለተቋቋመው የመንግሥታት ማኅበር ቀረበ። በሰኔ 1921 ማኅበሩ ጄኔቭ ላይ ፈረደ። ደሴቶቹ የፊንላንድ ይሁኑ፤ ቋንቋቸው፣ ባህላቸውና መሬታቸው ግን በዋስትና ይጠበቅ፤ ጦርም አይግባባቸው።

ስዊድን ቅር ቢላትም ተቀበለች። ፊንላንድም የማትወደውን ዋስትና ፈረመች። የኦላንድ ሰዎች ያላሰቡትን አገኙ። በ1922 ሰኔ 9 ምክር ቤታቸው መጀመሪያ ሲሰበሰብ አፈ ጉባኤ ሆኖ የተቀመጠው ያ በክህደት የታሰረው ሱንድብሎም ነው። የመጀመሪያው የመንግሥት መሪም ቢዮርክማን።

የእንግዳ ቤቱን ባለቤት፣ አሮጊቷን፣ ይህን ስጠይቃቸው አያታቸው ፍርዱ የተሰማ ቀን ማልቀሳቸውን ነገሩኝ። «ሲሞቱስ?» አልኳቸው። «ሲሞቱ የኦላንድን ባንዲራ ሰቅለው ነው የሞቱት» አሉ። ባንዲራው የመጣው በ1954 ነው። ሠላሳ ዓመት ከዚያም በላይ ማለት ነው፣ ከለቅሶው እስከ ባንዲራው።

እኔ ያደግኩት ስለ መንግሥታት ማኅበር ሌላ ታሪክ እየሰማሁ ነው። እናንተም እንደዚያው። ኢትዮጵያ በ1923 አባል ሆነች። በ1935 ጣሊያን ወረራት። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት አሉ። በሐምሌ ማዕቀቡ እንኳ ተነሳ። አባቴ ይህን ክፍል ሲያስተምሩ ድምፃቸው ይለወጥ እንደነበር ተማሪዎቻቸው ዛሬም ይነግሩኛል።

ስለዚህ ማታ ላይ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ያው ማኅበር አይደል? ለምን ለእነሱ ሠራ?»

«በእነሱ ጉዳይ ሁለቱም አገሮች ፍርዱን ተቀበሉ» አሉ። «የእኛ ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ ፍርድ አልፈለገም። ዳኞቹም ከተከሳሹ ጋር ጉዳይ ነበራቸው።»

ልክ ናቸው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ጣሊያንን ከጀርመን ላለማገናኘት ሲሉ ነው እኛን የተዉን። ኦላንድን ግን ማንም ኃያል አገር በጉልበት ሊወስዳት አልፈለገም። ይህን ሳውቅ ቅናት አልተሰማኝም አልልም። ተሰምቶኛል። የእንግዳ ቤቱ መስኮት ጋ ቁጭ ብዬ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል እንኳ ያልጨለመውን ሰማይ እያየሁ፣ 30,000 ገደማ በሆነ ሕዝብ ቀናሁ።

ቅናቱ ከ1936 ብቻ አይደለም የመጣው። በ2021 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ገባ። ስልክ ተቆረጠ። ከአንድ ወር በላይ የአባቴን ድምፅ አልሰማሁም። ኡፕሳላ ሥራ ላይ ነበርኩ። የማላውቃቸውን አረጋውያን ሳጥብ፣ ሳበላ፣ አልጋቸውን ሳነጥፍ የእኔውን አረጋዊ ማን ውሃ እንደሚያቀርብላቸው አላውቅም ነበር። ከተማው ሲለቀቅና ስልኩ ሲመለስ መጀመሪያ ያሉኝ ያው ነው። «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ከዚያ በኋላ ስላዩት ነገር ብዙ አላወሩኝም። እኔም አልጎተጎትኳቸውም።

ወታደር የማይገባበት ቦታ የሚለው ነገር እኔን ለምን እንደያዘኝ አሁን ይገባችኋል።

ኦላንድ ገነት ናት አልልም። መሬት ለመግዛት የአካባቢው የነዋሪነት መብት ያስፈልጋል፤ ለዚያ የፊንላንድ ዜግነት፣ አምስት ዓመት መኖርና ስዊድንኛ ማወቅ ይጠየቃል። ለአነስተኛ ሕዝብ ይህ መከላከያ ነው። ለመጤ ግን አጥር ነው፤ እኔ መጤ ስለሆንኩ አጥሩ ታየኝ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መያዝ አለብን ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ እኛ፣ ስለ ቋንቋና ስለ መሬት በየቀኑ የምንጨቃጨቅ ሰዎች። ውሉም ቢሆን ዛሬ ጥያቄ ውስጥ ነው። ፊንላንድ በ2023 ኔቶን ከገባች ወዲህ ደሴቶቹ ያለ ጦር መቅረታቸው ትክክል ነው ወይ የሚሉ አሉ። አሮጊቷን ጠየቅኳቸው። «አሁን ሁሉም ሰው ስለ እኛ ደኅንነት ይጨነቃል» አሉ። «ድሮ የተጨነቁልን ምሽግ ነው የሠሩልን። ሄደሽ አይተሽዋል።»

በመጨረሻው ከሰዓት በኋላ አንድ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ከጣሪያው ላይ ትንሽ የመርከብ ምስል በገመድ ተንጠልጥላለች። መልሕቋ፣ ሸራዋ፣ ሁሉ ነገሯ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። እንዲህ ያሉ መርከቦች የባሕረኞች ስጦታ ናቸው። ለእኛ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ስለት ነው። ግሸን ማርያም ጃንጥላ ይዞ የሚወጣው ሰው ያውቀዋል። እኔም በዚያ በ2021 ወር የተሳልኩት አለ። እስካሁን አላደረስኩም። መርከቧ ሥር ቆሜ ለሚቀጥለው መስከረም ትኬት ለመቁረጥ ወሰንኩ።

ማታ ለአባቴ ደወልኩ። ስለ መርከቧ፣ ስለ ስለቱ፣ ስለ መስከረም ነገርኳቸው። ግሸን አብረውኝ መውጣት እንደማይችሉ፣ ጉልበታቸው እንደደከመ፣ ግን እስከ ኩታበር መንገድ በመኪና እንደሚሸኙኝ ነገሩኝ። ከዚያ ትዝ አላቸው።

«መድፉን ነካሽው?»

«ነካሁት።»

«ይፋጅ ነበር?»

«አይ። ለብ ያለ ነው። ፀሐዩ እንደኛ አይደለም።»

ትንሽ ዝም አሉ። «መቼ ነው የምትመለሺው?»

«ነገ ጠዋት። መርከቡ ላይ ስገባ ሰዓቱ ይለወጣል።»

«እንግዲያው ሳይለወጥ ደውዪልኝ» አሉ። «አንድ ሰዓት ላይ እነሳለሁ።»

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ቀዩ አስፋልት ዳር አውቶቡስ እየጠበቅኩ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሱት። ስንት ሰዓት እንደሆነ አልጠየቁኝም።